መኪና ገጭቶን ቢሆን ኖሮ

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ሕግ ለምታወጡ፣ ለምትተረጉሙና ለምታስፈጽሙ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በወንጀል የተጎዳን ሰዎች የምናቀርበው አቤቱታ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህ ደብዳቤ የአንድ መሥሪያ ቤት ስም የሌለበት ምክንያት አለው። በየመስኮቱ ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ "ይሄ እኛን አይመለከትም።" ፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይልከናል። ዐቃቤ ሕግ ወደ ፍርድ ቤት። ፍርድ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት። ማረሚያ ቤቱ ደግሞ ተመልሰን ፖሊስ እንድንጠይቅ ይነግረናል። ማንን እንደምንመለከት ስላላወቅን ለሁላችሁም ጻፍን። እባካችሁ እናንተው ተነጋገሩና ለዩልን።

በየወሩ የመጨረሻ እሑድ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ ሃያ ሦስት ሰዎች ነን። ዝምድና የለንም። የተዋወቅነው ችሎት በር ላይ፣ ስማችን እስኪጠራ ስንጠብቅ ነው። ባሏ የተገደለባት አለች። ሁለት ጣቱን በገጀራ ያጣ ወያላ አለ። ልጇ የተደፈረችባት እናት አለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አንድ ማታ ከሱቁ ወደ ቤት ሲመለስ ሦስት ወጣቶች ለአንድ ሞባይል ብለው ጭንቅላቱን በብረት መቱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ጽሑፍ ይቀናሻል ተብዬ የማኅበሩ ጸሐፊነት ለእኔ ወደቀ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ባለፈው መስከረም የሆነ ነገር ነው። አንዷ አባላችን ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ አንድ ሰው "ደህና ነሽ?" አላት። ድምፁን ሳትዞር አወቀችው። ሦስት ቦታ በቢላ የወጋት የቀድሞ እጮኛዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ስድስቱን ጨርሶ በአመክሮ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እናቱ ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ የሰፈሩ ባለ ሱቅ ያውቃል። እሷ ብቻ አታውቅም። ከሰልፉ ወጥታ በእግሯ ሄደች። በዚያው ሳምንት ቤት ቀየረች። ያውም በዚህ የኪራይ ዋጋ።

አመክሮን አንቃወምም። ሰው ታርሞ ይውጣ። ነገር ግን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 202 የእህቴ ልጅ አነበበችልን። ሕግ ትማራለች፤ ቡና ላይ አስተማሪያችን እሷ ናት። አንቀጹ እስረኛ በአመክሮ ሲፈታ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ የፈቀደውን ያህል መካሱ ነው ይላል። ታዲያ ስለ መካሱ ማን ተጠየቀ? እሷን የጠየቃት የለም። አንድ ብር አልደረሳትም። ስልኳ ጠፍቶ እንዳይባል መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ለምስክርነት ስትፈለግ በቀን አራቴ ይደወልላት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሷ ደግሞ መዝገቡም ረስቷታል።

ቅሬታችንን አንድ በአንድ እንናገር።

አንደኛው ገና ከሕክምና ይጀምራል። አባላችን የሆነች አንዲት ልጅ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ቅዳሜ ማታ የአሠሪዋ ዘመድ ደፈራት። በሌሊት ሸሽታ ወጥታ ሆስፒታል ሄደች። "መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ" ተባለች። ጣቢያ ሄደች። "የሴቶችና ሕፃናት መርማሪዋ ሰኞ ነው የምትገባው" ተባለች። ሰኞ ደብዳቤውን ይዛ ተመለሰች። ካርድ ማውጫ ብር አልነበራትም። በሩ ላይ የቆመ የማታውቀው ሰው ከፈለላት። ሐኪሙ ጋ የደረሰችው ማክሰኞ ከሰዓት ነው።

ክቡራን ሆይ፣ እስቲ ቁጠሩት። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ወዲያው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። የእሷ ሰዓት ያለቀው ማክሰኞ ማታ ሊሆን ነበር። ለጥቂት ነው የተረፈችው። ለዚያውም ገላዋን ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ነው የደረሰችው። "ማስረጃሽን ራስሽ አጠፋሽው" ብሎ የተቆጣት ሰው አለ። አትታጠቢ ብሎ የነገራት ማን ነበር?

መላው የማይታወቅ ነገር ቢሆን አንናደድም ነበር። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባል አለ። ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋም አንድ ቦታ ይገኛሉ። ተጎጂዋ በየቢሮው አትንከራተትም፣ ታሪኳንም ለስድስት ሰው አትደግምም። ይህ እንደሚቻል አይታችሁታል፣ ሠርታችሁታል። ታዲያ ለምን ዕድለኛ የሆነች ብቻ ታገኘዋለች?

ሁለተኛው ችሎት ነው። ክሱ ላይ ስማችን "የግል ተበዳይ" ነው። ክሱ ከተነበበ በኋላ ያ ስም ይጠፋና "የዐቃቤ ሕግ 1ኛ ምስክር" እንሆናለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19፣ 20 እና 21 ስለ ተያዘ፣ ስለ ተከሰሰና ስለ ታሰረ ሰው መብት በዝርዝር ይናገራል። ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ይህ ትክክል ነው። ነገ ልጃችን በሐሰት ቢከሰስ እኛም የምንለምነው ይህንኑ ነው። ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ለተበዳይ እንዲህ ተብሎ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ፈለግን፣ አጣን።

ድሮ ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነገሩ እስኪፈረድ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር። ቀረ ተብሏል። እኛ ግን የተከሳሹ እናት፣ ወንድሞችና ጓደኞች ከተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎናቸው ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሌላ ወንበር የለማ! አንዱ ጉሮሮውን እየጠራረገ ያየናል። ሌላው ስልኩን ወደ እኛ አዙሮ ይዟል። ፎቶ እያነሳን ይሁን እግር ኳስ እያየ አናውቅም። ከዚያ አንድ ሰው ብቅ ይልና "ዳኛዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ተለዋጭ ቀጠሮ" ይላል። ወያላው አባላችን አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሷል። አሥራ አንድ ቀን ሥራ አልገባም ማለት ነው። አንዴ እንኳ "ዛሬ አትምጣ" ብሎ የደወለለት የለም።

ስለ ጥያቄዎቹ ብዙ ማለት አልፈልግም። "በዚያ ሰዓት ለምን ወጣሽ?" "ስልክህን ለምን በእጅህ ያዝክ?" ይባላል። የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ ስለ ወንጀል ተጎጂዎች የሚያጠናው ቪክቲሞሎጂ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ራሱ ሲጀመር እንዲህ ነበር። ሩማኒያ የተወለደው የሕግ ባለሙያ ቤንጃሚን ሜንደልሶን ተጎጂዎችን እንደ ጥፋታቸው መጠን ደረጃ አወጣላቸው። ጀርመናዊው ሀንስ ፎን ሄንቲግም በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተጎጂው ለወንጀሉ ያደረገውን አስተዋጽኦ ይመረምር ነበር። በኋላ ዘርፉ ፊቱን አዞረ። ተጎጂው ምን አጠፋ ማለቱን ትቶ ምን ያስፈልገዋል ወደ ማለት መጣ። የእኛ መስቀለኛ ጥያቄ ግን የቆመው 1948 ላይ ነው።

ሦስተኛው ካሣ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ሆዴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተበዳይ ካሣውን ከወንጀል ክሱ ጋር አብሮ መጠየቅ ይችላል ይላል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ስንዳኝበት የኖርነው የሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 154 መንገዱን ያሳያል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ማመልከቻው የሚቀርበው ክሱ መሰማት ሲጀምር ነው። ይህን ለባለቤቴ ማን ነገረው? ቃሉን የተቀበለው መርማሪ አልነገረውም። ዐቃቤ ሕጉም አልነገረውም። ሁለቱ ጥፋተኞች ተፈርዶባቸው ከወጡ በኋላ እኔ እጄን አውጥቼ "ካሣውስ?" አልኩ። እንደ ተማሪ። ዳኛው በትሕትና "እናቴ፣ እሱን በፍትሐ ብሔር መክሰስ ነው" አሉኝ። ሦስተኛው ልጅ ያመለጠ ነው። ተከሳሽ በሌለበት በሚታይ ክስ ደግሞ የካሣ ጥያቄ ተቀባይነት እንደሌለው ያወቅነው ኋላ ነው።

በፍትሐ ብሔር መክሰስ ማለት ጠበቃ ማለት ነው። የዳኝነት ክፍያ ማለት ነው። ሌላ ሁለት ዓመት ቀጠሮ ማለት ነው። ሁሉን አልፈን ብናሸንፍስ? የፍርድ ባለዕዳው እስር ቤት ያለ፣ ጫማ እንኳ የሌለው ልጅ ነው። አፈጻጸም ከፍተን ምኑን እንሽጥ?

ሞባይሉን ግን አገኘነው። ኤግዚቢት ሆኖ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ በፊርማ መለሱልን። ባትሪው አብጧል። ባለቤቴ ሳቀ። ከተጎዳ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ጎረቤታችንን መኪና ገጫት። ሹፌሩ አመለጠ፣ ታርጋውንም ያየ የለም። እኛ አለቀላት ብለን ነበር። ልጇ ተከታተለና የመድን ፈንድ የሚባል እንዳለ ደረሰበት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ገጪው ባይታወቅም፣ መድን ባይኖረውም ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚካስበት መንገድ አለ። የድንገተኛ ሕክምናም ማን ገጨ ማን ተገጨ ሳይባል እስከ 2000 ብር እንዲሸፈን አዋጁ ሲወጣ ደንግጎ ነበር። 2000 ብር ዛሬ ምን ታደርጋለች እንዳትሉኝ፣ እሱን አስቤዛ የምገዛው እኔም አውቃለሁ። ቁም ነገሩ፣ መንግሥት ተቀምጦ አስቦበታል። ገጪው ቢያመልጥ ተገጪው ምን ይሁን ብሎ ጠይቋል። ባለ መኪና ሁሉ ለመድን ከሚከፍለው ተቆንጥሮ መልስ ሰጥቷል።

እኔና ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ ዝም ብለን ተያየን። እሱን የመታው ብረት ከእጅ የወጣ ነው። የመኪና መከላከያ ብረት ቢሆን ኖሮ የምንጠይቀው ሰው ነበረን። የተሰበረው ያው አጥንት ነው። ያመለጠውም ያው ሰው ነው። እንዴት ነው አንዱ ሲካስ ሌላው "እግዜር ይማርህ" ብቻ የሚባለው?

ይህን ጥያቄ የጠየቅን የመጀመሪያ ሰዎች አይደለንም። ኒውዚላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. የወንጀል ተጎጂዎችን ከመንግሥት ገንዘብ የሚክስ ሕግ አወጣች። እንግሊዝ ተከተለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1978 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 40/34 የወንጀል ተጎጂዎችን መግለጫ አጸደቀ። ጥፋተኛው መክፈል ካልቻለ መንግሥት ለከባድ ጉዳት ካሣ ለመስጠት ይጣር ይላል። ጥፋተኛው ባይያዝም ተጎጂው ተጎጂ ነው ይላል። የተጎጂው ቤተሰብም ይቆጠራል ይላል።

የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን እንመለስ። የደም ካሣን ማን ያላወቀ አለ? በኦሮሞ ጉማ ሲከፈል የገዳይ ወገን ተሰብስቦ፣ አዋጥቶ፣ ከብቱን ነድቶ ነው የሚመጣው። በዚያ ሥርዓት መሃል የሚቀመጠው የተበደለው ወገን ነው። ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ "በደሉ የተፈጸመው በመንግሥት ላይ ነው፣ ቅጣቱን እኔ እይዘዋለሁ" አለን። እሺ አልን። በቀሉን አስረከብን። ካሣውንም አብሮ ወሰደው መሰል፣ እስካሁን አልመለሰልንም። ጥፋተኛ የገንዘብ መቀጮ ሲቀጣ ብሩ የሚገባው መንግሥት ካዝና ነው። አንቀጽ 102 ጥፋተኛው መካስ ካልቻለ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው ወይም ከተወረሰው ንብረት ሽያጭ ለተበዳይ እንዲከፈል ማዘዝ ይችላል ይላል። ከሃያ ሦስታችን ይህ የታዘዘለት አንድም ሰው የለም።

አራተኛው ፍርሃት ነው። ስለ ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። የሚሠራው ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ነው። ባሏ ጥርሷን ያረገፈባት ሴት፣ ያው ባል ደጇ ላይ እየቆመ "እናያለን" ሲላት፣ ይህ አዋጅ አያውቃትም። ዋስ አግኝቶ መውጣቱን የምታውቀው በሩ ሲንኳኳ ነው። የምትደበቅበት ቦታ የሚሰጡት እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ጥቂት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። አልጋቸው ስንት ሰው ይይዛል?

አምስተኛው ሽማግሌ ነው። በዚህ የሚቀየሙን ይኖራሉ። ዕርቅ ክፉ ነው አላልንም። ግን ልጇ የተደፈረችባት እናት ቤት ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው "ምስክርነቱን ተይው፣ ልጁ ያገባታል" አሏት። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እምቢ ስትል ውኃ የሚቀዳላት፣ ቡና የሚጠራት ጠፋ። ባሏ የተገደለባትም እንዲሁ፤ ለገዳዩ የይቅርታ ማመልከቻ የዕርቅ ወረቀት ያስፈልጋል ተብላ ሦስት ጊዜ መጡባት። እሷ ጋ የመጡት ስለ እሷ አስበው ሳይሆን እሱን ለማስፈታት ነው። ልጆቿ ምን እየበሉ እንደሆነ ከመካከላቸው የጠየቀ የለም። ፈረመች። "ደከመኝ" ነው ያለችን።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው።

ተጎጂ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ይታከም። ደብዳቤው ይከተላል። የሕክምና ማስረጃውም በነፃ ይሰጥ። የአንድ ማዕከል አገልግሎቱ ቅዳሜ ማታም የሚሠራ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም የሚገኝ ይሁን።

ቃል ስንሰጥ አንድ ወረቀት ስጡን። የካሣ ማመልከቻ ቅጹ፣ መቼና ለማን እንደሚገባ፣ የመዝገብ ቁጥራችንና የምንደውልለት አንድ ሰው ስም የተጻፈበት ይሁን። ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። ዳኞችም ክሱ መሰማት ሲጀምር "ካሣ ትጠይቃለህ?" ብላችሁ ጠይቁን። ደቂቃ አይፈጅም። አንቀጽ 102ንም ተጠቀሙበት፣ ለጌጥ አልተጻፈም።

የመኪና ተጎጂ እንዳለው ሁሉ የወንጀል ተጎጂም ፈንድ ይኑረው። ከመቀጮ፣ ከተወረሰ ንብረት፣ ተከሳሽ ሳይቀርብ ቀርቶ ከተወረሰ የዋስትና ገንዘብ ይጀመር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለተጎጂዎች ማካካሻ ይላል፤ ጥሩ ነው፣ በግጭት የተጎዱ ወገኖቻችን ይገባቸዋል። ማታ መንገድ ላይ የተመታው ልብስ ሰፊም እዚያው አገር ነው የሚኖረው።

የምስክር ጥበቃው ከአሥር ዓመት በታች ላሉት ወንጀሎችም ይውረድ፣ በተለይ ጥቃት አድራሹ እዚያው ቤቱ ውስጥ ለሆነበት ሰው።

ችሎት በር ላይ ለእኛ ሌላ ወንበር አድርጉልን። ክፍል ካልተገኘ መጋረጃ ይበቃናል።

ዋስ ሲፈቀድ፣ ቀጠሮ ሲቀየር፣ እስረኛ ሲፈታ ደውሉልን። ይፈታ አይፈታ እኛ እንወስን አላልንም። ከሰው እኩል እንወቅ ነው ያልነው። ከአመክሮ በፊትም "ካሣችሁ ደርሷችኋል?" ብላችሁ ጠይቁን፣ ሕጉም ይላል።

መልሱን በጽሑፍ ብትሰጡን ደስ ይለናል። የምናነበው ቡና ላይ፣ ጮክ ብለን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቡና ማኅበሩ ጸሐፊ፣ ጡረተኛ መምህርት እና የአንድ የግል ተበዳይ ሚስት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
"እኛን አይመለከትም" ላሉን ሁሉ